«ኮምፒዩተሩ ሞቷል» ሲሏችሁ፦ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ ቸርችል ጎዳና ዳገቱ መሃል ላይ ቪትዟ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ጸጥ አለች። ቁልፉን ብጠመዝዝ ሞተሪኖው፣ ማስነሻው ማለቴ ነው፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። ረዳቱ ወርዶ ወደ ዳር እየገፋኝ «ፋዘር፣ ነዳጅ ነው እንዴ?» አለኝ። ነዳጅ ቢሆን ምንኛ በታደልኩ።

አስጎትቼ የወሰድኳት ጋራዥ ያለው መካኒክ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ኮፈኑን ከፈተ፣ አንድ ሁለት ሽቦ ነካካ፣ «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ሞቷል» አለኝ። ሞተሩን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ማለቱ ነው። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ መቀመጫ ፈለግሁ። ከመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ። አራት ቀን ነዳሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ መኪናዋ ከቆመችበት አልነሳ አለች።

ያኔ ነው አንድ ዕድሜያቸው ጠና ያለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ የሄድኩት። ኮፈኑን አልከፈቱም። የተሳፋሪውን በር ከፍተው ምንጣፉን በመዳፋቸው ጫን አሉት። እጃቸው ርሶ ወጣ። «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ አልሞተም። ውሃ እየጠጣ ነው» አሉኝ።

ከዚህ በታች ያለው ከሳቸውና ከራሴ ኪሳራ የተማርኩት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ተወዳለች። ዕቃዋም እንዲሁ። የተሳሳተ ዕቃ መግዛት የሚያስቆጨው አሁን ነው።

1. ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉና ዳሽቦርዱን እዩ

ሞተሩን ለማስነሳት ደጋግማችሁ አትታገሉ፣ ባትሪውን ትጨርሳላችሁ። ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ አቁሙት። የሞተር ምስል ያላት ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለባት። ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ቁልፉ ኦን ሆኖ ጭራሽ ካልበራች ኮምፒዩተሩ አልነቃም ብላችሁ ጠርጥሩ። አምፖሏ ተቃጥላ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅላ ካልሆነ ማለቴ ነው። አልነቃም ማለት ግን ሞቷል ማለት አይደለም። መብራት የጠፋበት ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ አይባልም።

የቁልፍ ወይም የመኪና ምስል ያላት ሌላ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ነገሩ የቁልፉ ቺፕ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ በሱ ሞክሩ። በዚህ ብቻ ችግሩ ተፈቶለት ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ባለፈው ሳምንት ምን ምን ነካት? ላቫጆ ሞተሩ በከፍተኛ ግፊት ታጥቧል? ባትሪ ከሌላ መኪና ተቀጥሎላት ነበር? ገመዱ ተገልብጦ ከሆነ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል። ብየዳ ተሠርቷል? ባትሪው ሳይነቀል ከተበየደ እሱም ይጠረጠራል። አላርም ወይም አዲስ ቴፕ ተገጥሟል? ገጣሚዎቹ የትኛውን ሽቦ እንደቆረጡ እነሱም ላያስታውሱት ይችላሉ። ይህ ዝርዝር ከማንኛውም ማሽን በፊት ግማሹን መልስ ይሰጣችኋል። እኔ ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ «ዝናብ» ብዬ እመልስ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

2. ባትሪና ዲናሞ

መልቲሜትር፣ ብዙዎች ቴስተር የሚሉት፣ ርካሹም ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን አክሙ። ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒዩተሩ ይደነጋገራል፣ የሌለ ጥፋት ሁሉ ይመዘግባል።

ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መካከል መሆን አለበት። ከ15 በላይ ካያችሁ ቁሙ። ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ነው። በዚህ ሁኔታ የምታስገጥሙት ማንኛውም ኮምፒዩተር የቀብር ቀጠሮ ተይዞለታል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅሎ «አየህ፣ አልጠፋም፣ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል መካኒክ። በላዳ ዘመን ይሠራ ይሆናል። ባለ ኮምፒዩተር መኪና ላይ ግን ገመዱ በተነቀለባት ቅጽበት ቮልቴጁ ይዘላል፣ የሚዘለውም ወደ ኮምፒዩተሩ ጭምር ነው። እጁ ወደዚያ ሲሄድ ካያችሁ ይሉኝታ ሳትሉ ያዙት።

3. ኮዱን አስነብቡ፣ ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት

ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ። መመርመሪያ ማሽኑ የሚሰካው እዚያ ነው። ኮድ የምንለው ኮምፒዩተሩ ራሱ የመዘገበውን የጥፋት ቁጥር ነው። ኮድ ያነበበላችሁ ሰው «ላጥፋው?» ሲል «ቆይ» በሉትና ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። የጠፋ ኮድ የጠፋ ማስረጃ ነው።

ኮዱ ኮምፒዩተሩን ራሱን የሚከስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከፒ0601 እስከ ፒ0606 ባለው መካከል ነው። ፒ0606 ለምሳሌ ከማቀናበሪያው ጋር የተያያዘ ጥፋት ነው። ፒ0335 ከሆነ ግን የሞተሩን መዞር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር መስመር ነው፣ እሱ ሲጠፋም ሞተር አይነሳም። ዩ0100 ደግሞ ሌሎቹ የመኪናዋ ኮምፒዩተሮች የሞተሩን ኮምፒዩተር ፈልገው አጡት ማለት ነው። ለምን እንዳጡት አይናገርም። ሞቶም፣ መብራት አጥቶም ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ ጭራሽ አልገናኝ ካለ ሶኬቱን ለኩ። 16ኛው ቀዳዳ የባትሪ ፖዘቲቭ፣ 4ኛውና 5ኛው ኔጌቲቭ ናቸው። 16ኛው ላይ ቮልት ከሌለ ፊውዙ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ መኪና ይህ ፊውዝ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጋር አንድ ነው። ባልተመቸ የስልክ ቻርጀር ምክንያት «ኮምፒዩተሩ አይነበብም» የተባለ ስንት አለ። በተጨማሪ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች በስልክ ከሚሠራው ርካሽ መሣሪያ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። ስለዚህ «አልተነበበም» ብቻውን የሞት የምስክር ወረቀት አይደለም።

4. መብራቱ ኮምፒዩተሩ ጋ ይደርሳል?

የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ከተጻፉት ውስጥ ኢኤፍአይ፣ ኢሲዩ እና ኢግኒሽን የሚሉትን ፈልጉ። በዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ በሁለቱም ጫፍ ለኩ። ለሪሌ፣ በኤሌክትሪክ ለሚከፈትና ለሚዘጋው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቀላል ዘዴ አለ። ቁጥሩና እግሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ የክላክሱን፣ ነቅላችሁ አቀያይሩ።

ኔጌቲቩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሞተሩና ከቦዲው ጋር በብሎን የሚታሰረው ገመድ ከዛገ ወይም ሞተር ወርዶ ሲመለስ ሳይታሰር ከቀረ ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሞት ይሞታል። ቁልፉ ኦን ሆኖ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በኮምፒዩተሩ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት ብዙ ከራቀ ገመዱን ፈትታችሁ፣ በአሸዋ ወረቀት አጽድታችሁ መልሳችሁ እሰሩ።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላቸው መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መሪው ሲዛወር ሽቦም ይቀጠላል። ቅጥያው በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ዳሽቦርዱ ሥር ተደብቋል። ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ እያደረጋችሁ የቼክ ኢንጂን መብራቷን ተመልከቱ።

5. ባለ 5 ቮልቷ መስመር

አብዛኞቹ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮች የሚሠሩት ኮምፒዩተሩ በሚልክላቸው 5 ቮልት ነው። መስመሯ ለብዙዎቹ የጋራ ናት። ከነሱ አንዱ ውስጡ ሾርት ካደረገ ለሁሉም ትጠፋለች። ኮምፒዩተሩም ይደነዝዛል፣ በአንዳንድ መኪና ከማሽኑ ጋር መነጋገሩንም ያቆማል። መካኒኩ ያኔ «ሞቷል» ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኼ ነው።

እንዲህ አድርጉ። የትሮትሉን፣ የሞተሩን አየር ማስገቢያ በር፣ ሴንሰር ሶኬት ንቀሉና ቁልፉን ኦን አድርጉ። ከሶኬቱ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ወደ 5 የሚጠጋ ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ካለ ደህና። ከሌለ ቴስተሩን እዚያው አድርጋችሁ ሌላ ሰው ሌሎቹን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይንቀል። የአየር ግፊቱን፣ የኤሲውን፣ የካምና የክራንኩን። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቷ ብቅ ካለች ጥፋተኛው ተያዘ። የምትገዙት አንድ ሴንሰር ነው።

ሁሉም ተነቅለው፣ ፊውዙም ኔጌቲቩም ደህና ሆኖ፣ 5 ቮልቷ አሁንም ከሌለች ወይ ሽቦዋ መንገድ ላይ ተልጣ ቦዲ ነክታለች፣ ወይ ጥፋቱ ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ነው። አሁን መጠርጠር ትችላላችሁ። ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ጋራዡን «5 ቮልቱን ለክታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «የምን 5 ቮልት?» ካሏችሁ ቁልፉን ተቀበሉና ሌላ ጋ ሂዱ።

6. ሳጥኑን ማውጣት

በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በብዙ ቶዮታዎች ኮምፒዩተሩ ያለው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ጀርባ ነው። አዳዲሶቹ ላይ ኮፈን ውስጥም ይገኛል። መሪው የተዛወረ ከሆነ ቦታውም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። መያዣውን ተጭናችሁ ልቀቁት። ፒኖቹን በጣት አትንኩ።

ከዚያ እዩና አሽትቱ። የኔ ሶኬት ላይ ሦስት ፒኖች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ነበር፣ ልክ በዝናብ ውስጥ እንደከረመ የመዳብ ሳንቲም። ሽማግሌው ሳጥኑን ከፍተው በመብራት አዩት። ቦርዱ ላይ የተቃጠለ ነገር የለም። በቦርድ ማጽጃ ፈሳሽና በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ደረቀ፣ ፒኖቹን አንድ በአንድ አጸዱ። በማግስቱ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ያ መካኒክ «ሞቷል» ያለው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው እስከ ዛሬ የሚሠራው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም። ቦርዱ ላይ የጠቆረ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ ኮይል (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ወይም ኢንጄክተር (ነዳጅ ረጪው) የሚያዘው ክፍል ተቃጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ መኪኖች ላይ ደግሞ ካፓሲተሮቹ ፈሳሽ አፍስሰው ቦርዱን ይበሉታል። የዓሣ የሚመስል ሽታ አለው። እሱ በካውያ የሚሠራ ሥራ ነው። ቦርድ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁ ከመግዛት በፊት ለሱ አሳዩ። ጥገና ከሁሉም መንገድ የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ሳጥኑ የራሳችሁ ስለሆነ ቁልፋችሁን ያውቃል። ፒያሳ ፈርሶ ብዙ ሱቅ ስለተበተነ ግን የድሮ አድራሻ ይዛችሁ እንዳትንከራተቱ። ደውላችሁ ሂዱ።

7. ሶማሌ ተራ

መጠገን ካልተቻለ ቀጣዩ ያገለገለ መፈለግ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሳጥኑን ስቲከር ጥርት ያለ ፎቶ አንሱ። በቶዮታ የሞተር ኮምፒዩተር ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ89661 ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ አምስት ምልክቶች ይከተላሉ። ዴንሶ ወይም ፉጂትሱ ቴን የሚል ስምም ታዩ ይሆናል። ዋናው ግን ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። እስከ መጨረሻው አሃዝ መግጠም አለበት።

«ሁሉም ቪትዝ አንድ ነው፣ ይገባል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሶኬቱ ይገባ ይሆናል። ግን 1.0 ሊትሩ 1ኤስዜድ ሞተር እና 1.3 ሊትሩ 2ኤንዜድ አንድ አይደሉም። የአውቶማቲክ ካምቢዮና የማኑዋል ሳጥንም ይለያያል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የቀረበልኝ ሳጥን በመጨረሻ አሃዝ የተለየ ነበር። «አሃዟ ምን ታደርጋለች» አለኝ ልጁ እየሳቀ። ቀጣዩ ሱቅ ሄድኩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁልፍ ነው። ቁልፋችሁ ቺፕ ያለው ከሆነ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ሳጥን የሚያውቀው የዚያን መኪና ቁልፍ ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ እናንተም «ይኼም ሞቷል» ትላላችሁ። መፍትሔው ከአሮጌው ሳጥን ላይ መረጃውን መገልበጥ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የቁልፉ መረጃ የሚቀመጠው ባለ ስምንት እግር ትንሽ ቺፕ ላይ ስለሆነ እጁ የጸዳ ባለሙያ ሊያነበው ወይም ሊያዛውረው ይችላል። ለዚህ ነው አሮጌውን ሳጥን በምንም ተዓምር «ለቅያሪ» ሰጥታችሁ የማትመለሱት። የሞተ ቢመስልም መታወቂያችሁ እሱ ውስጥ ነው።

ዋጋ መከራከሩን ታውቁበታላችሁ፣ እኔ አላስተምርም። ከዋጋው በላይ የምትከራከሩት ስለ መመለስ ይሁን። ኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም የሚሉ አሉ። «ሞክሬ ካልሠራ እስከዚህ ቀን እመልሳለሁ» የሚለውን ቁጥሩንና ቀኑን ጨምራችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ሻጩ ሳጥኑ ላይ በማርከር ምልክት ካደረገ ምልክቱን ፎቶ አንሱት። ስቲከሩ ተልጦ የተለጠፈ፣ ብሎኖቹ የተፋፋቁ ወይም ፒኑ የታጠፈ ሳጥን አትውሰዱ።

8. ከመግጠም በፊት አንድ ነገር

አሮጌውን የገደለው ምንድን ነው? ይህን ካልመለሳችሁ አትግጠሙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እኔ ምስክር ነኝ። ኢንጄክተሮቹን በኦም ለኩ። በአብዛኞቹ ቤንዚን መኪኖች ከ11 እስከ 16 ኦም አካባቢ ናቸው። ከቁጥሩ ይልቅ እርስ በርስ መቀራረባቸውን እዩ። ሦስቱ 14 ሆነው አንዱ 3 ከሆነ አዲሱንም ሳጥን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ኮይሎቹም እንዲሁ ይፈተሹ። ዲናሞው ከ15 በላይ የሚሞላ ከነበረ አስቀድሞ ይሠራ። ምንጣፉ እርጥብ ከነበረ ውሃው የሚገባበት ይገኝ።

ከገጠማችሁ በኋላ ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ለጥቂት ቀን ቢዋዥቅ አትደንግጡ። ኮምፒዩተሩ መኪናዋን እየተማረ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራቷ ቁልፍ ኦን ሲሆን መብራቷን፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋቷን ብቻ በየጠዋቱ ተመልከቱ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ላላችሁ

መኪናውን በማሽን ስታስመረምሩ «ኮድ የለም» የሚለው አይብቃችሁ። ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች ተጠናቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም ብላችሁ አስዩ። አብዛኞቹ ካልተጠናቀቁ በቅርቡ ኮድ ተጠፍቷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ሻጩን ጠይቁት፣ ፊቱን እዩት። ቁልፍ ኦን ሲሆን መብራቷ ካልበራች ደላላው የፈለገውን ይበል፣ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ አትሂዱ። የተሳፋሪውን ምንጣፍ በእጃችሁ ጫን አድርጉ። ሁለቱንም ቁልፍ ጠይቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለጉድለት የሚጠየቅበትን መንገድ አስቀምጧል። ገዢው ግን ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ችግር ካያችሁ በዚያው ሰሞን በጽሑፍ አሳውቁ።

የኔ መኪና ውሃ የምታስገባው ከየት እንደነበር ልንገራችሁ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በቆሙበት ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። የምትቆመው ጃካራንዳ ሥር ስለሆነ ቅጠሉ ገብቶ ደፍኖታል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው መውረጃ ያጣና በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ፣ ቀጥታ ሶኬቱ ላይ። ሽማግሌው በጣታቸው አንድ እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አሁን በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ፕላስቲኩን ከፍቼ እጠርገዋለሁ፣ አንድ ጆግ ውሃ አፈስበታለሁ፣ በጎማው በኩል ሲወርድ እስካይ እጠብቃለሁ።